ተማሪዎቼን ወደ ጓሳ ልወስድ ነው፤ የምታውቁ ምከሩኝ

የመሐል ሜዳ መምህር
ጥቅምት 11

ሰላም ለሁላችሁ። መሐል ሜዳ ከተማ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ሲሆን ወደ መንዝ ያመጣኝ የሥራ ምደባ ነው። እዚህ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጓሳ የሚባለውን፣ ሕዝቡ የሚጠብቀውን የደጋ ሣር ሜዳ በእግሬ የረገጥሁት ግን ባለፈው ቅዳሜ ነው። ከምኖርበት ቤት ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። በአውቶቡስ ስመላለስ በመስኮት እያየሁት ባዶ ሜዳ ነው ብዬ አልፌው ኖሬአለሁ። በጣም ይቆጨኛል።

ቅዳሜ ዕለት ከአካባቢው ጥበቃዎች አንዱ ይዞኝ ወጣ። አውሬ ያሳየኛል ብዬ ስጠብቅ ጎንበስ ብሎ ቦታው የተጠራበትን፣ ጓሳ የሚባለውን ጥቅጥቅ ያለ ሣር በሁለት እጁ ገለጠው። ከሥሩ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው፣ ብዙ ተመላልሰውበት የለሰለሰ መንገድ አለ። መንገዱ ወደ ሌላ የጓሳ ሥር ይገባል፤ ከዚያም ወደ ሌላ። «የአይጥ መንገድ ነው» አለኝ። «ቀይ ቀበሮ እዚህ የሚኖረው ይህ ስላለ ነው። ሣሩን ብታነሣው አይጡ ይሄዳል፤ አይጡ ከሄደ እሱም የለም።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ እሱን ራሱን አየነው። ጀርባው ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር። ጆሮዎቹን ወደ መሬት አዘንብሎ ቆሞ ያዳምጣል። እኛን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ካየ በኋላ ተመልሶ ማዳመጡን ቀጠለ። በመላው ዓለም ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የማይገኝ፣ ቁጥሩም 500 የማይሞላ እንስሳ ሰባ እርምጃ ያህል ርቆኝ ቁርሱን ሲፈልግ አየሁ።

ሰኞ ክፍል ገብቼ «ጓሳ ሄዶ የሚያውቅ እጁን ያውጣ» አልሁ። ከ46 ተማሪዎች ሰባት እጆች ወጡ። ሰባቱም ቤተሰቦቻቸው ሣር ሲያጭዱ ተከትለው የሄዱ ናቸው። ሌሎቹ እዚሁ ተወልደው እዚሁ አድገው አላዩትም።

ስለዚህ ኅዳር ውስጥ ሠላሳ ያህል ተማሪዎች ልወስድ አስቤአለሁ። ብርዱን እንዴት ልዘጋጅበት? ልጆቹ ምን እንዲያዩ ላድርግ? በሰሜን ሸዋ ውስጥ ለሚቀጥለው ጊዜ የሚሆን ሌላ ቦታ ካለም ጠቁሙኝ።


ጣርማ በር
ጥቅምት 11

መምህር፣ እግዚአብሔር ያበርታህ። እኔ በዚያ መንገድ ብዙ ጊዜ እንግዳ ይዤ ተመላልሻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርህ።

ሠላሳውን በአንድ ጊዜ ይዘህ አትግባ። በአሥር በአሥር ከፍለህ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ጥበቃ ይመደብላቸው። ሠላሳ ልጅ አንድ ላይ ሲራመድ ድምፁ ከኮረብታ ኮረብታ ይሰማል፤ ቀበሮው ከሩቁ ገለል ይላል። አስቀድመህ ጽሕፈት ቤታቸው ሄደህ ቀኑን ተነጋገር። የተማሪ ጉብኝት መሆኑን ስትነግራቸው በደስታ ነው የሚቀበሉህ።

ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ይደርሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ማለዳ ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ስትረግጠውም ይንኮሻኮሻል። ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ፊት ታቃጥላለች። ስለዚህ ልጆቹ ባና ወይም ጋቢ ደርበው ይምጡ፣ ኮፍያም አይርሱ። በሶ፣ ቆሎና ውኃ ይያዙ። ጫማቸው ረግረግ የሚችል ይሁን። ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ ካለው ገደል በኩል ጉም ሊወጣ ይችላል፤ ጉም ሲመጣ ዐሥር እርምጃ ርቆ ያለ ሰው አይታይም። ከገደሉ ጠርዝ እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ ተመለሱ።

ከአዲስ አበባ መምጣት ለምትፈልጉ አንባቢዎች፦ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በደብረ ብርሃን አልፋችሁ ጣርማ በር ዋሻ ሳትገቡ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም አካባቢው ላይ ካለ ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ። ይህን ሳታደርጉ አትውጡ።

አንድ የሚያናድደኝ ነገር ልጨምር። ባለፈው ዓመት አንድ አስጎብኚ ድርጅት እንግዶቹን ወደ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ለማቅረብ ብሎ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ ረግረጉን አቋርጦ ነዳው። ጎማው የቆረጠው ጎድጓዳ መስመር ክረምቱን ሙሉ ውኃ ሲወርድበት ከርሞ አሁን ቦይ ሆኗል። ጓሳ በእግር የሚታይ ቦታ ነው።


የአቅኚ ዘር
ጥቅምት 12

ልጄ መምህር፣ ጽሑፍህን የልጅ ልጄ አንብባልኝ ነው፤ ይህንንም እየነገርኋት የምትጽፈው እሷ ናት።

ተማሪዎችህን ከመውሰድህ በፊት ጓሳ የማን እንደ ሆነ ንገራቸው። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ነበሩ። መንዝ ጌራ ምድር የሚለው የወረዳው ስምም ከዚያው ነው። ጓሳን የአስቦ ድርሻና የጌራ ድርሻ ብለው ለሁለት ከፈሉት፤ ዘራቸው የሆነ ሁሉ ከዚያ የመጠቀም መብት ኖረው። ይህ የሆነው በአሥራ ሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው ይባላል። ሥርዓቱ ቄሮ ይባል ነበር። በሁለቱም ወገን ሕዝቡ ራሱ የመረጠው አለቃ አለ፤ ጓሳውን የሚዘጋውም የሚከፍተውም እሱ ነው።

አንድ ጊዜ ከተዘጋ ሦስት ዓመት፣ አራት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ሰው አይገባበትም። ሣሩ ሲደርስ በበጋው መካከል ይከፈታል ተብሎ ይነገራል። እኔ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በልጅነቴ፣ አንዱን መከፈት አይቻለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ከየአቅጣጫው ሲጎርፍ አድሮ ጎሕ ሲቀድ ማጭድ ብቻ ነበር የሚሰማው። መጀመሪያ አጫጁ ይገባል። ጓሳው ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለጅራፍ፣ ለገሳ ይሆናል። ከዚያ ከብቱ፤ በመጨረሻም ማገዶ ለቃሚው። ለሐምሌ አቦ ዋዜማ ሁሉም ለቅቆ መውጣት አለበት። ሐምሌ 5 ቀን እዚያ የተገኘ ሰው ይጠየቃል።

ገሳ የምትለዋን ልጆቹ ላያውቋት ይችላሉ። ከጓሳ የምትሠራ የዝናብ ልብስ ናት። አባቴ ሲለብሳት ከኋላ ሲያዩት የቆመ የሣር ክምር ይመስል ነበር። ሐምሌን ሙሉ እርሻ ላይ ውሎ ሲገባ ከውስጥ ሸሚዙ ደረቅ ነው።


ጌራ ምድር
ጥቅምት 12

አባታችን የተናገሩትን አከብራለሁ። ነገር ግን የእኛንም ወገን ስሙን።

ቤታችን ከጓሳ ጫፍ ነው። አባቴ አሥራ አንድ በጎችና ሁለት በሬዎች አሉት። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የእኛ መስክ አፈር ብቻ ሆኖ ሲቀር ከድንበሩ ማዶ ሣሩ እስከ ጉልበት ቆሞ እናየዋለን። በጎቹም ያዩታል። የገባ በግ ይያዛል፣ ባለቤቱም ይቀጣል። እንግዳው ደግሞ በመኪና መጥቶ ፎቶ አንሥቶ ይመለሳል። በእኛ ቀበሌ ከዚህ ጉብኝት የሚያገኘው ስንቱ ቤተሰብ ነው? ጥበቃ የሆኑትና ምግብ የሚያበስሉት ጥቂቶቹ ናቸው። መምህር ተማሪዎችን ሲወስድ ይህንንም ይንገራቸው። ከተማሪዎቹ መካከል የእኔን ታናሽ ወንድም የመሰሉ አሉ፤ ጓሳ ማለት ለእነርሱ የተያዘ በግ ነው።


የአቅኚ ዘር
ጥቅምት 13

ልጄ ጌራ ምድር፣ የተናገርኸው እውነት ነው፤ ልሸፍነው አልፈልግም። በበጋ የበግ ጩኸት ምን ያህል ሆድ እንደሚበላ አውቃለሁ።

ነገር ግን በ1967ቱ የመሬት አዋጅ የቄሮ ሥርዓት ሲፈርስ እኔ ለአቅመ አዳም የቀረብሁ ጎረምሳ ነበርሁ። ጓሳው የሁሉም ሆነ ተባለ። ሁሉም እንደፈለገ ገባ፤ ሁሉም እንደፈለገ አጨደ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለክዳን የሚሆን ረጅም ጓሳ ፈልገን በእግር ግማሽ ቀን የምንሄድበት ጊዜ መጣ። ሣሩ ካልረዘመ ለክዳንም ለገመድም አይሆንም፤ ለከብትም አንድ ሳምንት አይበቃም። በኋላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጥበቃውን እንደገና ያቆሙት ያን ስላዩ ነው። አሁን ያለው ጥበቃ ከየቀበሌው በተመረጡ ሰዎች ይመራል፤ የአማራ ክልልም በሕግ አውቆታል።

ክርክርህን እዚያ ስብሰባ ላይ ይዘህ ቅረብ። የሚከፈትበትን ጊዜ፣ ገቢው የሚከፋፈልበትን መንገድ ጠይቅ። የአቅኚ ዘር ከሆንህ መብትህ ነው። አባትህም ይምጣ።


የከብት ሐኪም
ጥቅምት 14

ስለ ውሻ ማንም ስላላነሣ ልጽፍ ነው። መምህር፣ ከተማሪዎችህ አንዱ እንኳን ውሻ አስከትሎ እንዳይመጣ። የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ጠመንጃ አይደለም፤ ከቤት ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አንድ መንጋ ውስጥ ከገባ በአጭር ጊዜ አብዛኞቹን ይጨርሳል። ቀበሮዎቹ አይጥ ሲያድኑ ለየብቻቸው ናቸው፤ ማታ ግን ተሰብስበው ይተሻሻሉ፣ ይላላሳሉ፣ አብረው ይተኛሉ። አንዱ ከታመመ ሌላው አያመልጥም። በየመንደሩ ውሾችን መከተብ ለቤተሰብም ለቀበሮም ጥቅም ነው። ይህን ልጆቹ ለወላጆቻቸው ቢያደርሱልኝ ከእኔ አሥር ስብከት ይበልጣል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ እንዲያዩ እመኛለሁ፦ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲያድን። ጓሳ ላይ የተደረገ፣ በ2015 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የታተመ ጥናት አለ። ቀበሮው ብቻውን ሆኖ አይጥ ሲያድን ከሙከራዎቹ የሚሳካለት 25 በመቶ ያህል ነው። በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 በመቶ ይደርሳል። ጭላዳዎቹ ሣር ሲነቅሉ አይጦቹ ከተደበቁበት ይወጣሉ ወይም በጭላዳዎቹ መካከል ቀበሮውን አይለዩትም ተብሎ ይገመታል። ቀበሮው ጭላዳዎቹ እንዳይሸሹበት ቀስ ብሎ ይራመዳል። የጭላዳ ግልገል አጠገቡ ሲጫወት እያየ አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። እኔ ይህን በዐይኔ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ማስታወሻ ደብተሬን ረስቼ አርባ ደቂቃ ቆሜ ቀረሁ።


ወፍ ተመልካች
ጥቅምት 14

ሁሉም ስለ ቀበሮ ይጽፋል። እኔ ስለ ገደሉ ጠርዝ ልናገር።

ጓሳ በምሥራቅ በኩል በድንገት ያልቃል። ሜዳው ቆሞ ከእግርህ ሥር ቆላው ይጀምራል። በዚያ በኩል የሚወርደው ውኃ ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በምዕራብ የሚወርደው ወደ ዓባይ። ልጆቹን እዚያ አስቀምጥና አንድ ሙሉ ሰዓት አታናግራቸው። ትላልቆቹ አሞራዎች የቆላው ሙቀት ሲነሣ ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከታች ተነሥተው በፊት ለፊት ያልፋሉ። ከላይ ወደ ታች ሆነህ የአሞራ ጀርባ የምታይበት ቦታ ብዙ የለም።

በዚያው ጠርዝ አንኮበር ሴሪን የምትባል ቡናማ ትንሽ ወፍ ትገኛለች። ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለች ናት፤ ለሳይንስ የተዋወቀችው በ1979 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ስሟ በአንኮበር ስም መጠራቱን ለልጆቹ ንገራቸው። ጋጋኖዎች ሲጮኹ ደግሞ ሳይነገራቸው ይለዩአቸዋል፤ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሳይሰሟቸው አልቀሩም። ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር አንድ ብቻ ካላችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ ሁለት ደቂቃ ስጠው፣ ያየውንም ወዲያው በቃሉ እንዲናገር አድርግ።

ጅብራውንም አትለፈው። ረጅሙ ግንድ፣ ከላይ ሰፋፊ ቅጠል ያለው። ለብዙ ዓመታት ሲያድግ ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን ከበተነ በኋላ ይሞታል። የደረቀውንና የለመለመውን ጎን ለጎን ቆመው ስታገኝ ልጆቹ ይህ ለምን ሞተ ብለው ይጠይቁሃል።


ደብረ ሲና
ጥቅምት 16

ሌላ ቦታ ጠቁሙኝ ላልኸው፣ ወፍ ዋሻን እንዳትረሳው። ጓሳ ሜዳ ነው፤ ወፍ ዋሻ ጫካ ነው። ከጣርማ በር እስከ አንኮበር ባለው ገደል ላይ የተንጠለጠለ የጥድ፣ የዝግባና የኮሶ ደን ነው። ግንዳቸውን ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው ጥዶች አሉ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ መናገሻ ሱባን ሲያስተክሉ የጥዱን ዘር ከዚህ አስወሰዱ ተብሎ ይነገራል።

እኔ በየዓመቱ ጥር ላይ ከእህቶቼ ጋር እሄዳለሁ። መጀመሪያ ዝምታው ያስፈራል፤ ከዚያ ጉሬዛዎቹ ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ ነጩ ጭራቸው ከጀርባቸው እየተከተለ ሲወዛወዝ ታያለህ። መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ መመለሱ ይከብዳል። ለታዳጊ ልጆች ግማሽ ቀን የሚፈጅ አጭር መንገድ አለ፤ በአካባቢው የሚኖር ሰው ይዘህ ግባ እንጂ ብቻህን አትሞክረው። የደከማቸው እናቶች ከዚያው ገደል ማገዶ ተሸክመው ሲወጡ ስታገኝ መንገድ ልቀቅላቸው፤ ልጆቹም ያግዙአቸው።


ከቨርጂኒያ
ጥቅምት 19

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አነበብሁት። እዚህ ሼናንዶዋ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ ከቤቴ ሁለት ሰዓት አይሞላም፤ ልጆቼን ይዤ በየመከሩ ቅጠሉ ሲቀላ እሄዳለሁ። እያንዳንዱን መንገድ በስሙ አውቀዋለሁ። አያቴ መንዝ ናቸው፤ ቤታቸው ጓሳ የተከደነ እንደ ነበረ እናቴ ስትነግረኝ ጓሳ የሣሩ ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቦታ መሆኑን ዛሬ ከእናንተ ተማርሁ። ገሳ የሚሠራ ሰው አሁንም ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ልጆቼ እንዲያዩት እፈልጋለሁ።


የመሐል ሜዳ መምህር
ኅዳር 24

ሄደን ተመለስን። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የመከራችሁኝን በሙሉ አድርጌአለሁ።

28 ተማሪዎች ነበርን፤ በሦስት ቡድን ተከፈልን። አባታችን የአቅኚ ዘር የነገሩንን ታሪክ በአንድ ገጽ ጽፌ ከሄድንበት ቀን በፊት በክፍል አነበብሁላቸው። ወንድሜ ጌራ ምድር፣ የአንተንም አነበብሁ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «የእኛም በግ ተይዛ ታውቃለች» አለች፤ ውይይቱ ደወል እስኪደወል አላለቀም። በሚቀጥለው ሳምንት ከጥበቃው ተወካዮች አንዱ ክፍላችን መጥቶ ለጥያቄአቸው መልስ እንዲሰጥ ጠይቄ ፈቃደኛ ሆኗል።

ቀበሮ ያየው ሁለተኛው ቡድን ብቻ ነው፤ እሱም በሩቁ። ሦስተኛው ቡድን ምንም ስላላየ ይከፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። እነርሱ ግን ጅብራው ሥር ተቀምጠው ቆዩኝ። አንድ ዝምተኛ ተማሪ አለኝ፤ ዓመቱን ሙሉ ክፍል ውስጥ ድምፁን የሰማሁት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ነው። ጓሳውን በሁለት እጁ ገልጦ ጓደኞቹን ጠራቸውና የአይጡን መንገድ በጣቱ እየተከተለ አሳያቸው። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበትን ቦታ አገኘ። ከዚያም አንደኛው በኩል ትንሽ የተቆረጠ ሣር ተቆልሎ አየ። «ይኼ ጎተራው ነው» አላቸው። ማንም አልነገረውም።

ጭላዳዎቹን ሁላችንም አየን። ከመቶ የሚበልጡ ነበሩ፤ ሣሩን በጣቶቻቸው እየነቀሉ ሲበሉ ድምፁ ደረቅ ወረቀት የሚቀደድ ይመስላል። ጠዋት ውርጩ ስለ ነበረ የወንዱ ጠጉር ጫፍ ላይ ጤዛው ነጭ ሆኖ ቆሞ ነበር። ፀሐይ ስትደርስበት ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ቆዳ ደምቆ ወጣ።

ለእህታችን ከቨርጂኒያ፦ ከተማሪዎቼ የአንዷ አያት ገሳ መሥራት ያውቃሉ። ሣሩ በሚታጨድበት ጊዜ አንድ ሊሠሩልን ቃል ገብተዋል። ሲሠሩ ልጆቹ አጠገባቸው ተቀምጠው ይማራሉ፤ ፎቶውን እዚሁ አወጣዋለሁ።

ለወፍ ዋሻ ጥር 20 አካባቢ አስበናል። እህታችን ደብረ ሲና፣ አጭሩን መንገድ የሚያውቅ ሰው በግል መልእክት ብታገናኚኝ።


ደብረ ሲና
ኅዳር 24

መልእክቱን ልኬልሃለሁ። ጥር 20 ላይ ኮሶው በአበባ ላይ ከሆነ እኔም እህቶቼን ይዤ እመጣለሁ፤ ዳቦውን እኛ እንጋግራለን።